ከአራት ኪሎ እስከ ጣና ዳር፦ የክልሎች ሥልጣንና የበጀት ድርሻቸው

ባሕር ዳር፦ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የጣና ዙሪያ አርሶ አደር ማሳውን አለስልሶ ዘርና ማዳበሪያውን ያሰናዳል። በዚያው ወር አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ የሚገኘው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት የፌዴራል መንግሥት በጀት ላይ ይወያያል። ሁለቱ ጉዳዮች ላይ ላዩን ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የግብርና ልማት ሠራተኛው ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍና የቀበሌው መጋቢ መንገድ ጥገና በአብዛኛው የሚወሰነው ምክር ቤቱ ለክልሎች ድጎማ ብሎ በሚያጸድቀው አንድ የበጀት መስመር ነው። የክልሎች ሥልጣን ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በሰንደቅ ዓላማ፣ በቋንቋና በወሰን ዙሪያ ሲነሳ ይሰማል፤ ስለ ገንዘቡ የሚነገረው ግን አነስተኛ ነው።

የ2018 በጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥት በጀት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ሰኔ 26/2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው 315 ቢሊዮን ብር ነው። በ2017 በጀት ዓመት ከተያዘው 222 ነጥብ 7 ቢሊዮን ብር ጋር ሲነጻጸር የ92 ቢሊዮን ብር ገደማ ጭማሪ አለው። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከጠቅላላው በጀት አንጻር ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። የ2017 በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971 ነጥብ 2 ቢሊዮን ብር ስለነበር የክልሎች ድጎማ 23 በመቶ ያህሉን ይይዝ ነበር፤ በ2018 ግን ወደ 16 በመቶ ወርዷል።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ደግሞ ሥዕሉን ያጎላዋል። በ2013 በጀት ዓመት ከ476 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ ለክልሎች የተመደበው 176 ነጥብ 4 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ይህም 37 በመቶ ነው። በ2014 ከ561 ነጥብ 7 ቢሊዮን ብር ውስጥ 204 ቢሊዮን ብር ገደማ ተመድቧል፤ ድርሻው 36 በመቶ ነበር። በ2015 በጀቱ በአንድ ጊዜ ወደ 786 ነጥብ 6 ቢሊዮን ብር ሲያድግ የክልሎች ድጎማ 209 ነጥብ 4 ቢሊዮን ብር ብቻ ሆነ፤ ድርሻውም ወደ 27 በመቶ አሽቆለቆለ። በ2016 ከ801 ነጥብ 6 ቢሊዮን ብር ውስጥ 214 ቢሊዮን ብር ተመደበ። በሌላ አነጋገር ከ2014 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት የክልሎች ድጎማ በብር ሲቆጠር ያደገው በጠቅላላው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የሀገሪቱ የዋጋ ንረት በእያንዳንዱ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሲታሰብ፣ ክልሎች በዚያ ገንዘብ መግዛት የሚችሉት ነገር ምን ያህል እንዳነሰ ለመገመት የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያሻም። መቶ ብር ያወጣ የነበረ ዕቃ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት 30 በመቶ ቢጨምር 169 ብር ይደርሳል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በፌዴራል መንግሥትና በክልሎች መካከል አከፋፍሏል። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፤ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ የገንዘብና የባንክ ሥርዓት፣ የውጭ ንግድ፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶች፣ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችና ሌሎችም በዚህ ሥር ናቸው። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱም በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል እንደሚሆን ይደነግጋል። ክልሎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ያወጣሉ፤ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ልማት ዕቅድ ይነድፋሉ፤ ፌዴራሉ በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ያስተዳድራሉ፤ ግብር ይጥላሉ፤ በጀታቸውን ያጸድቃሉ። የአማራ ክልልም በ1994 ዓ.ም. ያሻሻለውን ሕገ መንግሥት መሠረት በማድረግ እስከ ወረዳ የሚወርድ የሥልጣን መዋቅር አለው፤ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

በወረቀት ላይ ሲነበብ የክልሉ ሥልጣን ሰፊ ነው። በተግባር እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ባሕር ዳር ከተማን መመልከት ይበቃል። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚተዳደረው በክልሉ ሲሆን፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ግን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ በጀቱ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል። አንድ ሕመምተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲላክ ከአንድ መንግሥት በጀት ወደ ሌላ መንግሥት በጀት ተሻገረ ማለት ነው፤ ይህን ልብ የሚል ሰው ግን ብዙ አይደለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተገነባው በፌዴራል የመንገድ በጀት ነው። ከድልድዩ ወጥቶ ወደ ሰፈር የሚገባው የውስጥ መንገድ ግን የከተማ አስተዳደሩ ኃላፊነት ነው። የከተማ ነዋሪው ስለ አንዱ መንገድ ለከንቲባው፣ ስለ ሌላው መንገድ ለምክር ቤት ተመራጩ አቤት ማለት ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። በየዓመቱ በበጀት ውይይት ወቅት የምክር ቤት አባላት «የመራጮቻችን የመንገድ ጥያቄ አልተመለሰም» እያሉ ደጋግመው ሲናገሩ የሚሰማው ከዚህ ክፍፍል የተነሣ ነው።

የጣና ነገር ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። ሐይቁ ሙሉ በሙሉ በአማራ ክልል ውስጥ ይገኛል። ከእርሱ የሚወጣው ዓባይ ግን ክልልም ሀገርም ይሻገራል፤ ስለዚህ የውኃው አጠቃቀም በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው። በ1988 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ ይቆጣጠራል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወስዶ ኃይል ያመነጫል። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል፤ የማመንጫው ባለቤት የፌዴራል የልማት ድርጅት በመሆኑ ከሥራው የሚገኘው ግብርም በአንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል ነው። ሕገ መንግሥቱ በከፍተኛ የማዕድን ሥራ፣ በነዳጅና በጋዝ ላይ የሚጣለውን ግብርና ሮያሊቲ የጋራ ገቢ ሲያደርግ፣ ከውኃ ኃይል ለሚገኝ ጥቅም ግን ተመሳሳይ ድንጋጌ አላስቀመጠም። ወርቅ የሚወጣበት ክልል ድርሻ ሲኖረው ውኃው ኃይል የሚያመነጭበት ክልል በዚያው ልክ የማይታሰብበት ምክንያት አሳማኝ መልስ ያገኘ አይመስልም። የኤሌክትሪክ ምሰሶው በደጁ አልፎ በኩራዝ ለሚያመሽ የገጠር ነዋሪ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ብሂል ተረት ብቻ አይደለም።

በተቃራኒው ሐይቁን የመጠበቁ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በክልሉና በአካባቢው ሕዝብ ላይ ነው። የእንቦጭ አረም በሐይቁ ላይ መስፋፋቱ ከታወቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ አርሶ አደሮች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ለዚህ የሥራ ቀን የተከፈለው ዋጋ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይገኝም።

ገቢው የማን ነው?

ግብር ከፋዩ ገንዘቡን ለማን እንደሚከፍል ማወቁ ለክርክሩ ቁልፍ ነው። የጉምሩክ ቀረጥና በገቢ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ታክስ የፌዴራል ነው። የአርሶ አደሩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግለሰብ ነጋዴው ግብር፣ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሥራ ግብር፣ የቤት ኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 97 የክልል ናቸው። በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ለጣና ዳር ነዋሪ የተለየ ትርጉም ያለው ሐረግ ይገኛል፤ በክልሉ ክልል ውስጥ በውኃ ላይ ከሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎት የሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥለው ክልሉ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ መንገደኛ የሚያመላልሱ የግል ጀልባዎች ግብራቸውን ለክልሉ ይከፍላሉ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ የመጣችው ጣናነሽ 2 ግን የፌዴራል የልማት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ንብረት ናት። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ወደብ፤ ግን እንደ መርከቧ ባለቤት ማንነት ግብሩ የሚገባበት ካዝና ይለያያል።

ሦስተኛው ምድብ የጋራ ገቢ የሚባለው ነው። የኩባንያዎች የንግድ ትርፍ ግብር፣ የባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ግብር፣ ከድርጅቶች የሚሰበሰበው የተጨማሪ እሴት ታክስና የኤክሳይስ ታክስ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለብዙ ዓመታት የተጨማሪ እሴትና የኤክሳይስ ታክሱ 70 ለፌዴራል 30 ለክልል በሆነ ስሌት ሲከፋፈል ቆይቶ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር እኩል ለእኩል ሆኗል። ይህ ለክልሎች ትልቅ ለውጥ ነበር። ይሁንና ከዚህ የጋራ ገቢ በብዛት የሚጠቀሙት ፋብሪካና ኩባንያ የበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ባንክ ወይም ቢራ ፋብሪካ በሌላ ከተማ ደንበኛው ብዙ ቢሆንም ግብሩ የሚቆጠረው የት ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የክልሎች ቅሬታ ሆኖ ቆይቷል። በአጭሩ ሀብታሞቹ የግብር ምንጮች ወደ ማዕከል ያደላሉ፤ ብዙ ሠራተኛና ብዙ አገልግሎት የሚጠይቁት ትምህርት፣ ጤናና ግብርና ደግሞ ወደ ክልል። ድጎማ ያስፈለገውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሁለት ምክር ቤት፣ ሁለት ውሳኔ

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነጥብ አለ። ድጎማው ለክልሎች እንዴት ይከፋፈል የሚለውን የሚወስነው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከፌዴራሉ በጀት ምን ያህሉ ለድጎማ ይቅረብ የሚለውን ግን የሚወስነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ረቂቁም ከገንዘብ ሚኒስቴር ተነሥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ይመጣል። አንዱ ዳቦውን ይቆርሳል፤ ሌላው የዳቦውን መጠን ይወስናል። ክልሎች በብሔር ብሔረሰቦቻቸው በኩል የሚወከሉት በመጀመሪያው ቤት ነው፤ ያ ቤት ደግሞ በዓመታዊው በጀት ላይ ድምፅ አይሰጥም። ስለሆነም ድጎማው ከጠቅላላው በጀት ከ37 ወደ 16 በመቶ ሲወርድ፣ ክልሎች እንደ ክልል ቆመው «ለምን» የሚሉበት መድረክ በሕጉ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ጥያቄውን ማንሳት የሚችሉት ከየምርጫ ክልሉ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ የእነርሱ ጥያቄ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ መንገድ ወይም በአንድ የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ላይ ያርፋል።

ለፍትሐዊነት ሲባል የሌላኛውን ወገን መከራከሪያም ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የፌዴራል በጀቱ ያበጠው ማዕከሉ ለራሱ ስለ ሰሰተ ብቻ አይደለም። መንግሥት ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያውን ክፍት ሲያደርግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ሀገሪቱ በዶላር የተበደረችውን ስትከፍል የሚያስፈልጋት ብር በዚያው ልክ አደገ። የማዳበሪያና የነዳጅ ድጎማም እንዲሁ። ማዳበሪያ የሚገዛው በፌዴራሉ ተቋም በኩል በመሆኑ ከጅቡቲ እስከ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘን ድረስ ያለው የዋጋ ልዩነት የሚሸፈነው ከማዕከል ነው፤ ያ ገንዘብ በክልሎች ድጎማ መስመር ላይ ባይጻፍም አርሶ አደሩ ዘንድ መድረሱ አይካድም። በተጨማሪም ለክልሎች የሚሰጠው የጋራ ገቢ ድርሻና ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የሚመደበው 14 ቢሊዮን ብር ከድጎማው ውጭ ናቸው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ማዳበሪያ ከማዕከል ተገዝቶ መምጣቱና ክልሉ የራሱን ገንዘብ ይዞ የራሱን ቅደም ተከተል መወሰኑ አንድ አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት በተከሰተ ጊዜ አርሶ አደሩ አቤቱታውን ይዞ የሄደው በቅርቡ ወዳሉት የወረዳና የክልል ቢሮዎች ነበር፤ እነርሱ ግን ግዥውን አልፈጸሙም፤ መርከቡንም አላዘዙም። ኃላፊነቱ ከሥልጣኑ ሲለያይ የሚፈጠረው ችግር ይህ ነው። የፎገራ ሩዝ አምራችም ከውጭ የሚገባው ሩዝ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ገበያው ይለዋወጥበታል፤ የቀረጡ ውሳኔ ግን የወረታም የባሕር ዳርም አይደለም።

የሌሎች ሀገራት ልምድ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። ጎረቤት ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 የካውንቲ መንግሥታትን ስታቋቁም፣ ከብሔራዊ ገቢው ቢያንስ 15 በመቶው ለእነርሱ እንዲሰጥ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ጽፋለች። በየዓመቱ በሁለቱ ምክር ቤቶቿ መካከል የሚደረገው ክርክር ብርቱ ቢሆንም ከዚያ ወለል በታች መውረድ አይቻልም። በሕንድ ደግሞ ነጻ የፋይናንስ ኮሚሽን በየአምስት ዓመቱ እየተቋቋመ የግዛቶችን ድርሻ ይመክራል፤ ዐሥራ አምስተኛው ኮሚሽን ከሚከፋፈለው ግብር 41 በመቶው ለግዛቶች እንዲሆን ብሏል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ድጎማ ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል፤ የወለሉን መጠን ግን አልጻፈም። በየዓመቱ የሚታየው መዋዠቅ ምንጩ ይኸው ነው።

ያልተቆጠረ ሕዝብ

የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ ቀመር የሚሠራው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው። እያንዳንዱ ክልል ተመጣጣኝ አገልግሎት ለመስጠት ምን ያህል ወጪ ያስፈልገዋል? ከራሱ የገቢ ምንጮች ምን ያህል ሊሰበስብ ይችላል? በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ድጎማውን ይወስናል። ለትምህርት የተማሪ ብዛት፣ ለጤና የሕዝብ ብዛት፣ ለግብርና የአርሶ አደር ቤተሰብ፣ ለመንገድ የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ይታያሉ። የአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት ከድጎማው ያገኝ የነበረው ድርሻ ከአንድ አምስተኛ ብዙም አይርቅም፤ ከኦሮሚያ ቀጥሎም ትልቁ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከቆጠራው ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። በ1999 ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17 ነጥብ 2 ሚሊዮን መሆኑ በ2001 ዓ.ም. ለምክር ቤት ሲቀርብ ቀድሞ ከተተነበየው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ያነሰ ስለነበር በምክር ቤቱም በሕዝቡም ዘንድ ብርቱ ጥያቄ አስነሥቷል። ለብዙዎች ጉዳዩ የክብር ጉዳይ ነበር። የበጀትም ጉዳይ ነበር። ትንበያው ከዚያ ቁጥር እየተነሣ ሲሠራ በየዓመቱ የሚደርሰው ብር፣ የሚቀጠረው መምህርና የሚገዛው መድኃኒት ሁሉ ከእርሱ ጋር ይቆራኛል። ዛሬ በባሕር ዳር ዙሪያ የተስፋፉት ሰፈሮች በዚያ ቆጠራ ጊዜ ከፊላቸው የእርሻ ማሳ ነበሩ። የሃያ ዓመት ዕድሜ ሊሞላው በተቃረበ ቁጥር የዛሬን ትምህርት ቤት ማቀድ ምን ያህል እንደሚያዳግት የየከተማው የዕቅድ ባለሙያ ያውቀዋል።

ሌላው ነጥብ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር ነው። ቀመሩ የሚያሰላው ክልሉ ሊሰበስብ የሚችለውን ገቢ እንጂ በተግባር የሰበሰበውን አይደለም። ዓላማው መልካም ነው፤ ሰነፍ ግብር ሰብሳቢ በድጎማ እንዳይካስ ያደርጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ግን መንገድ በተዘጋበት፣ ገበያ በተቋረጠበትና የወረዳ ገቢ ጽሕፈት ቤት ሥራ ባቆመበት ቦታ ግብር ያልተሰበሰበው በስንፍና አይደለም። በቀመሩ ላይ ያለው «ሊሰበሰብ የሚችል» ገቢ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ጉድለቱም የክልሉ ሆኖ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 94 ፌዴራሉ ለድንገተኛ ሁኔታና ለመልሶ ማቋቋም ለክልሎች እርዳታ ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። የተዘጉ ትምህርት ቤቶችንና የተጎዱ ጤና ጣቢያዎችን ወደ ሥራ የመመለሱ ወጪ በዚህ አንቀጽ በኩል ይታይ ወይስ ከመደበኛው ድጎማ ተሸራርፎ ይውጣ የሚለው የክልሉ የምክር ቤት አባላት አጥብቀው ሊይዙት የሚገባ ጥያቄ ነው።

በወረዳ ካዝና

ክልሉ ድጎማውንና የራሱን ገቢ አንድ ላይ አድርጎ በሐምሌ በጀቱን ባሕር ዳር ላይ ያጸድቃል፤ ከዚያም በራሱ ቀመር ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል። ይህ አሠራር የተጀመረው ሥልጣን ወደ ወረዳ እንዲወርድ በተደረገበት በ1994 ዓ.ም. ነው። የወረዳ ምክር ቤቱ ገንዘቡን በየዘርፉ የመደልደል ሥልጣን አለው። በተግባር ግን አብዛኛው ገንዘብ ገና ከመምጣቱ በደመወዝ ተይዞ ያልቃል። ለጠመኔ፣ ለሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ ለክትባት ማቀዝቀዣ ጥገናና ለውሎ አበል የሚቀረው ጥቂት ነው። የመማሪያ ክፍል ግንባታው ለማኅበረሰብ መዋጮ ይተዋል፤ አርሶ አደሩ ግብሩን ከከፈለ በኋላ ለድንጋይና ለቆርቆሮ እንደገና ያዋጣል።

በ2018 ዓ.ም. መግቢያ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሎ ዝቅተኛው ከ4 ሺህ 760 ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። የኑሮ ውድነቱ ላስመረረው መምህርና ነርስ ጭማሪው ተገቢ ነበር፤ ዘግይቷል የሚሉም አሉ። የደመወዝ ስኬሉ የሚወሰነው በማዕከል ሲሆን ከፋዮቹ ግን በብዛት ወረዳዎች ናቸው። ለጭማሪው ከማዕከል የሚላከው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነው ወረዳው ልዩነቱን የሚያገኘው ከጠመኔውና ከነዳጁ ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2 ሺህ ብር ከፍ አድርጓል። ለተቀጣሪው እፎይታ ነው። የክልልና የወረዳ ሠራተኛ የሥራ ግብር የክልል ገቢ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ግን ያ እፎይታ ከየትኛው ካዝና እንደወጣ ያስተውላል።

ለከተማ ነዋሪው በቅርቡ የሚመጣው ለውጥ የንብረት ታክስ ነው። በሕገ መንግሥቱ ለማንም ያልተመደበ ግብር ሲገኝ በአንቀጽ 99 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናሉ፤ በከተማ ቦታና ቤት ላይ የሚጣለው ታክስም በዚህ መንገድ ለክልሎች ተሰጥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማዕቀፉን በጥር 2017 ዓ.ም. ሲያጸድቅ የተቃውሞና የድምፀ ተዐቅቦ ድምፆች ተመዝግበዋል፤ የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ ተጨማሪ ግብር ነዋሪውን አይጎዳም ወይ የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። ለክልሎች ከማዕከል እጅ የማይጠበቅ ገቢ የማግኛ ጥሩ ዕድል መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ቤቱ እንዴት ይገመታል፣ በጡረታ የሚተዳደሩ አረጋውያን ቤት እንዴት ይታያል፣ ገንዘቡስ በዚያው ከተማ ላይ መዋሉ በምን ይረጋገጣል የሚለው ነው። የታክሱ መጣኔና ከታክሱ ነጻ የሚሆኑት ቤቶች ዝርዝር የሚወሰነው በክልልና በከተማ ደረጃ በሚወጡ ሕጎች ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ያለው ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው አራት ኪሎ ሳይሆን እዚሁ፣ ለክልሉ ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ተመራጮች ነው።

የበጀት ጊዜ ሰሌዳው የታወቀ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትሩ ረቂቁን ለምክር ቤቱ ያቀርባሉ፤ በወሩ መጨረሻ ገደማ ይጸድቃል፤ በሐምሌ የክልሉ ምክር ቤት ይሰበሰባል፤ ከዚያ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ተራ ይሆናል። ስብሰባዎቹ የሚውሉት አርሶ አደሩ ከማሳው በማይነቀልበት በክረምቱ እኩሌታ ነው።